ስቆጥር የዘለልኩት ቤት

ፑዋንት-ኖዋር፣ ኖቫ ስኮሻ
ዓርብ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1999

ለውድ ልጄ ለኦቤሊን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሬሚስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ስለ ጤናዬ የምትጨነቂበት ምክንያት የለም።

ይህን ደብዳቤ ባዚል ትምህርት ቤት በሚውልበት ሰዓት፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሬሚ አብሮሽ ቢሆን ይሻላል፤ አባቱ ነውና እሱንም ይመለከተዋል። አምስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፣ ይህ ስድስተኛው ነው።

ለሠላሳ አራት ዓመት ተማሪዎቼን "ዋናውን ነገር መጀመሪያ ጻፉ" ስል ኖሬአለሁ። ስለዚህ ዋናውን ነገር እዚሁ እጽፋለሁ። ባዚልን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ለጉንፋን የምትወስጂው ሐኪም ዘንድ ሳይሆን ትልቁ የሕፃናት ሆስፒታል፣ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ሳምንት ይሁን። ለሐኪሙ የምትሰጪው ወረቀት ከዚህ ጋር ታጥፏል፤ የበሽታው ስም በትልቅ ፊደል ተጽፎበታል። አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ።

እሑድ ስትደውዪ እየሳቅሽ ነበር። ሬሚ ድስት ራሱ ላይ ደፍቶ እንደ ቄስ ሲሰብክ ባዚል ከሳቁ ብዛት ጉልበቱ ከዳውና ወለሉ ላይ ዘፍ አለ፤ ተነሥቶ እንደገና ሳቀ፣ እንደገና ወደቀ አልሽኝ።

"አባዬ፣ እንደ ባዶ ጆንያ እኮ ነው እጥፍ የሚለው። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው። ሬሚማ የቀልዴ ኃይል ነው እያለ ይኮራል።"

የስልኩን ገመድ በጣቴ ጠመጠምኩ።

"አባዬ፣ አለህ?"

"ውኃ ጥጄ ነበር፤ ፈላ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። የጣድኩት ውኃ አልነበረም።

ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ልጅ ከዚህ በፊት አይቻለሁ። ያየሁትም በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው። ወንድምሽ ኦኔሲም ነበር።

አንቺ የምታውቂው ኦኔሲም በማጅራት ገትር ታሞ በሦስት ቀን መሞቱን ነው። እንዲህ ብለን የነገርንሽ እኔና እናትሽ ነን፤ ውሸት ነው። ኦኔሲም በአምስት ዓመቱ ሲስቅ መውደቅ ጀመረ። በስድስት ዓመቱ ዓይኑን ወደ ታች ማውረድ ተሳነው፤ ደረጃ ሲወርድ እንደ ዓይነ ስውር በእግሩ ጫፍ እየዳበሰ ነበር። ቀጥሎ ምላሱ ከበደ። እኔው ራሴ ማንበብ ያስተማርኩት ልጅ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ረሳ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት እናትሽ ድንች ደፍጥጣ በማንኪያ ስታጎርሰው ትውል ነበር፣ እሱንም መዋጥ እስኪያቅተው ድረስ። በ1965 ሲሞት አሥር ዓመቱ ነበር። ሕመሙ አምስት ዓመት ፈጀ። አንቺ በዓመቱ ተወለድሽ።

ሌላ ልጅ ላንወልድ ተማምለን ነበር፤ አንቺ ሳናስብሽ መጣሽ። ከመጣሽ በኋላም ያለ ፍርሃት ያሳለፍነው ቀን አልነበረም። እስከ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ድረስ በሳቅሽ ቁጥር የማየው ጉልበትሽን ነበር። "አባዬ ቀልድ አይገባውም" እያልሽ ለአክስትሽ ለዶሚቲልድ ትከስሺኝ ነበር። ቀልዱስ ይገባኝ ነበር።

ለምን ዋሻችሁኝ ትያለሽ። በዚህ የባሕር ዳርቻ "የልጆቹ በሽታ" ይሉታል። የገባበት ቤት ይታወቃል እንጂ ስሙ ጮክ ተብሎ አይጠራም። ከዚያ ቤት ሴት ልጅ ለመጠየቅ የተነሣ ሰው መንገዱን ይቀይራል። የፊዴል ቤት ይሉት ነበር፤ ፊዴል የእኔ ቅድመ አያት ነው፣ የእናትሽም ነው። እኔና እናትሽ በ1953 የተጋባነው በዝምድና ፈቃድ ነው፤ በሦስተኛ ቤት ዘመዳሞች ነበርን። በዚያን ጊዜ ይህ ምንም አልነበረም። ሰዉ ከስደት ከተመለሰበት ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ ከጥቂት ቤተሰብ በቀር የሚጋባው ሰው አልነበረውም፤ ቄሱም ፈቃዱን የሚጽፉት እንደ ቆሎ እየዘገኑ ነበር።

የዘራችንን ታሪክ በልጅነትሽ እስኪሰለችሽ ነግሬሻለሁ። ሚሼል ከፈረንሳይ መጥቶ በፖር-ሮያል የባሕሩን ረግረግ በግድብ አድርቆ ማሳ ማድረጉን፣ በ1755 እንግሊዞች የልጅ ልጆቹን ከማሳቸው አንሥተው በየመርከቡ መበተናቸውን፣ ከነሱ አንዱ ፖል ከሚስቱ ጋር ከማሳቹሴትስ ተነሥቶ ጫካ ለጫካ በእግሩ እዚህ ድንጋያማ ዳርቻ መድረሱን ታውቂያለሽ። ያልነገርኩሽ ግን ያን ሁሉ መዝገብ ለምን አሥራ ሁለት ዓመት እንዳገላበጥኩ ነው። በ1986 መጽሐፉ ሲታተም ቄሱ በቅዳሴ መጨረሻ ላይ "መምህር ቴዎቲም ለአባቶቹ ካለው ፍቅር የተነሣ" ብለው አመሰገኑኝ። ለአባቶቼ ፍቅር ብዬ አልነበረም። አንቺ ሃያ ዓመት ሞልቶሽ ነበር፤ የትኛው ቤት ለአንቺ እንደማያሰጋ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሐኪሞች እንዳስረዱኝ በሽታውን የሚሸከም ሰው ራሱ ምንም ሳይሆን ሰማንያ ዓመት ይኖራል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ነው ችግሩ፤ ከሚወልዷቸው ልጆች እያንዳንዱ ከአራት አንድ እጣ አለው። እኔና እናትሽ ተሸካሚዎች ነን፤ ኦኔሲም አስመስክሮብናል። አንቺም ሳትሆኚ አትቀሪም። ስለዚህ ለአንቺ የሚያስፈልገው ከፊዴል ያልተወለደ ባል ነበር። ይህን ደግሞ በጥያቄ ሳይሆን በመቁጠር አረጋግጣለሁ ብዬ አሰብኩ።

በ1991 ገና ላይ ሬሚን ይዘሽ ስትመጪ የሆነውን አስታውሺ። የገናው የድንች ምግብ ራፑሩ ከምድጃ ሳይወጣ፣ ልጁ ካፖርቱን ሳያወልቅ ዶሚቲልድ ያዘችው።

"አንተ የማን ነህ?"

"ሬሚ እባላለሁ።"

"ስምህንማ ኦቤሊን ነግራናለች። የማን ነህ?"

"የ... ዋልታም፣ ማሳቹሴትስ።"

"ከተማ ልጅ አይወልድም፣ የኔ ልጅ። አባትህን ጥራ፣ አያትህን ጥራ፣ ከዚያ ሾርባ ታገኛለህ።"

ሬሚ ፊቱ ቀልቶ ለአባቱ ስልክ ደወለ፤ ዶሚቲልድ ከጎኑ ቆማ ጆሮዋን ደቀነች። ሬሚ የዤራር፣ የሌአንድር፣ የፕላሲድ፣ የኢሌር። ሌአንድር በ1920ዎቹ ለፋብሪካ ሥራ ወደ ዋልታም ከሄዱት አንዱ መሆኑን ሰምተን ሁላችንም ሳቅን፤ ልጁ ለካ የኛው ሰፈር ልጅ ነው። እኔ ግን ከሳቁ መሀል ተነሥቼ ወደ ጽሕፈት ክፍሌ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። መጽሐፌን ገለጥኩ። ኢሌር ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከኛ ጋር ዝምድና የለውም። ሚስቱ ዛቤት የዚህ አገር ሰው፣ የፊዴል ሚስት እህት ነበረች፤ በሽታው ግን የመጣው በፊዴል በኩል መሆኑን ከወንድሞቹ ልጆች አረጋግጬ ነበር። መስመሩ ንጹሕ ነው። ደግሜ ቆጠርኩ።

እናትሽ በሩን ከፍታ ገባች።

"ቆጠርክ?"

"ቆጠርኩ።"

"እንደ ትምህርት ቤት ፈተና አትቆጥርልኝ፣ ቴዎቲም። እንደ ኦኔሲም አባት ቁጠር።"

"ሦስት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። ምንም የለም።"

ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ እናንተ ተመለሰችና እስከ ንጋት ቫዮሊን የሚመታበት ጭፈራ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ባዚልን በክንዷ አቅፋ ካየችው በኋላ ስትሞት ቃሌን አምና ነው የሞተችው።

አሁን የሚከብደኝን እጽፋለሁ።

በ1981 መረጃ ስሰበስብ እማማ ኤግዚልዳ ዘንድ ሄጄ ነበር። አንቺ ታስታውሻቸዋለሽ፤ የአዋላጇ ልጅ፣ ዘጠና አንድ ዓመታቸው፣ ጥርስ የለም ግን ምላስ አለ። ስለ ኢሌር ቤት ስጠይቃቸው የሹራብ ሥራቸውን ሳያቆሙ፣

"ፕላሲድን የኢሌር ልጅ ብለህ ጽፈኸዋል?" አሉኝ።

"ሁሉም ፕላሲድ የኢሌር ነው የሚለው።"

"ሁሉም የሚለውማ ስላሳደገው ነው። ፕላሲድ የማደጎ ልጅ ነው። ዛቤት መካን ነበረች፣ እህቷ ናኔት ደግሞ በየዓመቱ ትወልዳለች። በስምንተኛው ጊዜ 'ይህ ያንቺ ነው' ብላ ሰጠቻት። እናቴ ናት ያዋለደችው።"

"እማማ፣ ወረቀት አለ?"

"ናኔት ሕፃኑን በሻሏ ጠቅልላ በጓሮ አጥር ስታሻግረው ወረቀት ይዞ የቆመ ሰው አልነበረም።"

"ያለ ማስረጃ መጻፍ አልችልም።"

"እንግዲህ አንተ መምህር፣ ወረቀት ካልተጻፈበት ትናንትም አልዘነበም ልትል ነው።"

የናኔት ባል ፊዴል ነው።

የክርስትናው መዝገብ ቤተ ክርስቲያኑ በ1893 ሲቃጠል አብሮ ተቃጥሏል፤ የተረፈው የጋብቻው ብቻ ነው። ስለዚህ የሳቸውን ቃል በማስታወሻዬ ዳር በእርሳስ ጻፍኩ፤ አጠገቡም "ማስረጃ የለም" አልኩበት። መጽሐፉ ውስጥ አላስገባሁትም። በዚህ ብዙ ዓመት ኮራሁ። ሰው ሁሉ የአያቱን ወሬ ይዞ ሲመጣ "ወረቀቱን አሳየኝ" ማለት የእኔ ጥንካሬ ነበር።

በዚያ በገና ዕለት፣ እናትሽ በር ላይ ቆማ ስትጠይቀኝ፣ የኤግዚልዳ ቃል ትዝ ብሎኝ ነበር ወይ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ትዝ ብሎኝ ነበር። በእርሳስ የጻፍኩበት ገጽ ከመሳቢያው ውስጥ፣ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ማዶ ክፍል ውስጥ አንቺ ስትስቂ ይሰማኛል። "ወረቀት የለም" ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለእናትሽም "ምንም የለም" አልኳት።

ከእሑዱ ስልክሽ በኋላ ሰኞ ጠዋት ወደ ቁምስናው ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የምትይዘው አሁን ዶሚቲልድ ናት።

"ምን ሆነህ ነው ሸሚዝህን ገልብጠህ የለበስከው?" አለችኝ።

"የ1889ኙን የጋብቻ መዝገብ አውጪልኝ።"

"አሥር ጊዜ ገልብጠኸዋል እኮ።"

"ስም፣ ወላጅና ቀን ነው የገለበጥኩት። ሌላውን አላነበብኩትም።"

ሌላው ማለት ቄሱ ከስሞቹ በታች የሚጽፏት የፈቃድ መስመር ናት። ከጋብቻው ግማሹ በፈቃድ ስለነበረ መስመሯ በየገጹ ትደጋገማለች፤ እኔም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ዘልያታለሁ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ፕላሲድ፣ የኢሌርና የዛቤት ልጅ፣ አዴልን አገባ። ከሥሩ ደግሞ በዚያው ቀለም፦ በሦስተኛ ቤት ዝምድና ላይ ጳጳሱ የሰጡት ፈቃድ ቀርቧል።

"ከማን ጋር ነው የተዛመደው?" አለች ዶሚቲልድ በትከሻዬ ላይ ሆና። "ኢሌር መጻተኛ ነው፣ የዛቤት ወገኖችም ከአዴል አይዛመዱም፤ ከአዴል ጋር ምን አገናኘው?"

"የአዴል አያት የፊዴል አጎት ናቸው።"

"እና?"

"ፕላሲድ የፊዴል ልጅ ከሆነ ልክ ሦስተኛ ቤት ይመጣል። የኢሌር ልጅ ከሆነ ግን ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር።"

ቄሱ ያሳደገውን ሰው ላለማስቀየም ልጁን እንደሚጠራበት ጻፉት፤ በእግዚአብሔር ሕግ ፊት ግን የተወለደበትን ቤት ቆጠሩት። ወረቀቱ ሁልጊዜም ነበረ ማለት ነው፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ዶሚቲልድ እየቆጠረች ጣቷን አጠፈች። ኦቤሊን የቴዎቲም፣ የአንሴልም፣ የኢፖሊት፣ የፊዴል። ሬሚ የዤራር፣ የሌአንድር፣ የፕላሲድ፣ የፊዴል። በሁለቱም እጇ አራተኛው ጣት ላይ ስትደርስ ቆመች።

"አራተኛ ቤት ናቸው" አለች። ከዚያ "አራተኛ ቤት ሩቅ ነው። ብዙ ሰው ተጋብቶ ጤነኛ ወልዷል" አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና "ልጁ ምን ሆነ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ሚስትህ ሌዎኒ ስትሞት ምን አለችኝ መሰለህ? 'አንዳንዴ ልጅቷ ማወቅ አለባት እለዋለሁ፤ እሱ ግን ቆጥሬአለሁ ይለኛል' አለችኝ። አንተና ቆጠራህ።"

መዝገቡን ዘጋችው፤ መልሳ ከፈተችው፤ ገጹን በሁለት ቅጂ አንሥታ አንዱን ሰጠችኝ። ከዚህ ጋር አለ።

ማክሰኞ ደወልኩልሽ። ስልኩን ያነሣው ባዚል ነው። "አያቴ፣ ጥርሴ ተነቃነቀ" አለኝ። ቃሉ ወፈር ብሎ ነው የወጣው፣ ልክ ዳቦ እንደ ጎረሰ ሰው። "እየበላህ ነው?" አልኩት። "አይ" አለኝ። እናትህን ጥራልኝ ማለት ሲገባኝ "ጎበዝ፣ ጥርስህን አታስነካ" ብዬ ዘጋሁት። በስልክ እንደማልችል ያን ጊዜ ገባኝ።

ረቡዕ ያርመዝ ከተማ ወደሚገኘው ሐኪም ሄድኩ። ወጣት ነው፤ በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ የአምስት ዓመት ልጅ ብዙ እንደሚወድቅ፣ በስልክ ወሬ ምርመራ እንደማይደረግ፣ አያቶች እንደሚጨነቁ ነገረኝ። እኔም ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ከዚያ የልጁ ወላጆች ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆኑ ጠየቀኝ። ሁለቱንም መስመር ቆጠርኩለት። ብዕሩን አስቀመጠና ሃሊፋክስ ለሚገኙ መምህሩ ስልክ ደወለ። እኔን ደጅ ጠብቅ አለኝ። በሩ ቀጭን ነው፤ "አዎ፣ ሲስቅ" ሲል ሰማሁት።

እዚያው እናንተ ያላችሁበት ካልጋሪ ያለችውን ሐኪም ስምና ስልክ የጻፈልኝ እሱ ነው። ደብዳቤ በፋክስ ልኮላታል፤ አንቺ ስትደውዪ ታውቅሻለች። ምርመራው ከክንድ ላይ ትንሽ ቆዳ መውሰድና ደም መውሰድ ነው። የአንቺንም የሬሚንም ይወስዳሉ። እስከዚያ ድረስ ባዚል ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ እጁን ያዢው፤ ብቻውን ገንዳ ውስጥ እንዳይታጠብ፤ ስታጎርሱት አታጣድፉት። ዓይኑን ራስሽ ለመፈተን አትሞክሪ። እኔና እናትሽ በኦኔሲም ላይ ሞክረነዋል፤ ማንኪያ ከፍ ዝቅ እያደረግን። ልጁ ጨዋታ መስሎት ደስ ይለው ነበር። እሱን የሐኪሟ ሥራ አድርጊው።

መድኃኒት አለው ብዬ አልዋሽሽም። በቃኝ የዋሸሁት። ሃሊፋክስ ያሉት ሰዎች በሽታው ከየት እንደሚመጣ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ማወቃቸውን፣ ነገ ምን እንደሚገኝ እንደማይታወቅ ነው በሐኪሙ በኩል የነገሩኝ። የጸናሁት በዚህ ነው። ሌላ ነገር ሊሆንም ይችላል፤ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ እንዲህ ብሏል። በየሰዓቱ ይህን ቃል እያወጣሁ አየዋለሁ። ሁለተኛ ልጅ እንደምታስቡ በፋሲካ ነግረሽኝ ነበር፤ ውጤቱ እስኪመጣ ቆዩ። ሬሚን ደግሞ በምንም ነገር አትውቀሺው። እሱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ተናግሯል። እኔ ነኝ የማውቀውን ያልተናገርኩት።

መጽሐፌ ያለው ስልሳ ቤት ውስጥ ነው። ሰዉ ልጁን ከመዳሩ በፊት ከመደርደሪያ አውርዶ ያየዋል። ሕግ አውጥቼ ነበር፤ ሳያገባ የሞተ ልጅ መስመር ስለማይቀጥል አይመዘገብም የሚል። ስለዚህ ኦኔሲም በገዛ አባቱ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ሐሙስ ከዶሚቲልድ ጋር ቁጭ ብለን ከፊዴል ጀምሮ በዚህ በሽታ የሞቱትን ልጆች ጻፍን። አሥራ አንድ ሆኑ። ጎረቤታችን ኡሊስ የዓሣ ወጥመዶቹን ጀልባው ላይ ለመጫን ገመድ ሊዋስ ገብቶ ወረቀቱን አየና ባርኔጣውን አወለቀ። "የእህቴን ልጅ ረስታችኋል" አለ። አሥራ ሁለት ሆኑ። ወረቀቱ ተባዝቶ እሑድ ለስልሳውም ቤት ይታደላል፤ የፕላሲድ እርማትም አብሮ። ሰው ያማኝ ይሆናል። የፈለገውን ይበል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እስካሁን ያለፉት አምስት ቅጂዎች የተቀደዱት እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

ጁላይ ላይ ስትመጡ፣ በሁለተኛው ቀን፣ የኋላ በሩ ደረጃ ላይ የእጅ መደገፊያ እንጨት አስመታሁ። ለጉልበቴ ነው ብዬሽ ነበር። ጉልበቴን አያመኝም። ባዚል ወደ ባሕሩ ዳር ሊወርድ ሲል አይቼው ነበር፤ ፊት ለፊት እያየ፣ በእግሩ ጫፍ እየዳበሰ። ጫማው ሰፍቶት ነው አልኩና በማግስቱ ከተማ ወስጄ አዲስ ጫማ ገዛሁለት። በአዲሱም ጫማ እንደዚያው ወረደ። ያን ጊዜ እንጨቱን አስመታሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ቢሆን። አራት ወር ሙሉ። እሑድ ስትደውዪ የደነገጥኩት ስለማላውቅ አልነበረም።

ለኖቬምበር 23፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጫለሁ። በሕይወቴ ወጥቼበት አላውቅም፤ ዶሚቲልድ መንገዱን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች። ኦኔሲምን በእጄ አምስት ዓመት ስላስታመምኩ አያያዙን አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚያጎርሱት፣ ሲስቅ ከየት በኩል እንደሚይዙት። ለዚህ ልጠቅም እችላለሁ። በአንድ ክፍል ጥግ እተኛለሁ። ፊቴን ማየት ካልፈለግሽ ደግሞ እዚያው አየር ማረፊያው ላይ ንገሪኝ፤ የመመለሻው ትኬት ቀን አልተጻፈበትም፣ በመጀመሪያው በረራ እመለሳለሁ፤ አልቀየምሽም። ሊቀበለኝ የሚመጣው ሬሚ ብቻ ቢሆንም ይገባኛል።

እመቤታችን ቤትሽን በእጇ ትያዘው። ለአንቺ ብርታቱን፣ ለሬሚ ትዕግሥቱን፣ ለሐኪሞቹ ጥበቡን ትስጥ። ባዚልን ሳሚልኝ፤ ጥርሱ ሲወልቅ እንዳይጥለው ንገሪው፣ መጥቼ አየዋለሁ።

አባትሽ፣
ቴዎቲም